ቀዩ ቁልፍ

ብቻቸውን ለሚኖሩ አረጋውያን የሠራሁት ቀይ ቁልፍ አንገት ላይ ይንጠለጠላል። የወደቀ ሰው ሲጫነው እርዳታ ይጠራል። ዛሬ በሰው ካልተሞከረ ፕሮጀክቱ ነገ ይዘጋል፤ እማማ ደብሪቱ ግን እሺ አላሉኝም።

"እንደወደቁ ሆነው ምንጣፉ ላይ ጋደም ይበሉልኝ" አልኳቸው፣ ለአራተኛ ጊዜ።

"አታሟርትብኝ፣ አንተ ልጅ! ሰማንያ ዓመት ቆሜ ስሄድ ኖሬ፣ ዛሬ በገዛ ቤቴ ውደቂ ትለኛለህ?"

"መለማመጃ እኮ ነው፣ እማማ።"

"መውደቅ ደግሞ ይለማመዱታል እንዴ? ውጭ አገር ያስተማሩህ ይህንን ነው?"

ትዕግሥቴ አለቀ። ቁልፉን ተቀብያቸው አንገቴ ላይ አጠለቅኩና "እንዲህ ነው!" ብዬ በጀርባዬ ተዘረርኩ። ወገቤ ቋ አለ። ልነሣ ብሞክር አልቻልኩም።

ቁልፉን ተጫንኩት። ሠራ። ጥሪ የሚቀበል ሠራተኛ ገና ስላልቀጠርን የተመዘገበው የእኔ ቁጥር ነበር፤ ኪሴ ውስጥ ስልኬ መጮህ ጀመረ።

እማማ ደብሪቱ አማተቡና ምርኩዛቸውን አንሥተው ከጎረቤት የሚያዋስናቸውን ግድግዳ ሁለት ጊዜ መቱት።

ስልኩ ጠርቶ ሳያበቃ ጎረቤታቸው ተዋበች፣ እጇ ላይ የልብስ ሳሙና አረፋ እንዳለ፣ በሩን በርግዳ ገባች።