ከቦዩ ጠርዝ
ውሃው ሲጎድል ጀልባዋ በቦዩ መዝጊያ፣ ውሃ እየተለቀቀ ጀልባ ወደ ታችኛው ቦይ በሚወርድበት ገንዳ፣ የድንጋይ ግድግዳዎች መካከል ቀስ እያለች ወረደች። ሶላንዥ እንደ ወትሮው ከላይ ጠርዙ ላይ ቆማ የጀልባዋን ገመድ በእጇ እያላላች ትለቅ ነበር። ገመዱ ከታሰረ ጀልባዋ ተንጠልጥላ እንደምትቀር ያስተማራት ሟች ባሏ ነው።

ታች ጀልባዋ ውስጥ ጓደኞቿ ወይናቸውን ይዘው ይንሾካሾካሉ፤ ግድግዳው ግን ድምፃቸውን ወደ ላይ ያመጣው ነበር።

«ለከርሞ ሽርሽር ስንወጣ ለሷ አንነግራትም» አለች ኦዲል። «እኛ የምንወደው ባሏን ነበር። እሷንማ ችለናት ነው የኖርነው።»

«ቀስ በይ፣ ትሰማሻለች!» አላት የኦዲል ባል።

«እዚያ ላይ ሆና ምን ትሰማለች!»

ሶላንዥ ገመዱን ጠርዙ ላይ ባለው አጭር የብረት ምሰሶ ላይ ጠምጥማ ጥብቅ አድርጋ ቋጠረችው። ጀልባዋ ዘመም አለች፤ ብርጭቆዎቹ መንሸራተት ጀመሩ።

«ሶላንዥ፣ የኔ ቆንጆ! ኧረ ገመዱን ልቀቂው! አትሰሚኝም እንዴ?» ብላ ጮኸች ኦዲል።

«አንድም ቃል አላመለጠኝም» አለችና ቋጠሮው ላይ ተቀመጠች።