በራሱ የማይነሳው ሲዲ

ዓይነ ስውሩ የኔታ ሲዲውን በዳበሳ አስቀምጠው የኮምፒውተሩን መሳቢያ ገፉት። ሲዲው ተሽከረከረ፤ የሟች ልጃቸው የቅዳሴ ዜማ ግን አልተሰማም። “ይኸው ነው እንግዲህ። ድሮ እንዳስገባሁት በራሱ ይነሳ ነበር። ዓይን ያለው ተጭኖ ይከፍተዋል፤ እኔ ምኑን አይቼ ልጫን፣ ልጄ?” አሏት ከደብረ ታቦር ያስመጧትን የኮምፒውተር ጠጋኝ።

ጠጋኟ ሴቲንጉን ከፈተች። ሲዲ ሲገባ በራሱ እንዳይነሳ ተደርጓል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ሰው ሆን ብሎ ያጠፋው ነው። ልትመልሰው ስትል ከኋላዋ አንድ እጅ ክንዷን ጨበጠ። የሟቹ እናት፣ የየኔታ ባለቤት ነበሩ። ጥቁር ሻሻቸው እስከ ቅንድባቸው ወርዷል። ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ራሳቸውን ግራና ቀኝ ወዘወዙ፤ ከዚያ ሁለት ጆሮዎቻቸውን በመዳፋቸው ደፈኑ። እንባቸው ያለ ድምፅ ይወርድ ነበር።

ጠጋኟ እጇን ከማውሱ ላይ አነሳች። “የኔታ፣ ሲዲው ተጭሯል። ከእንግዲህ አይሠራም” አለች፣ ሊያዩዋት ከማይችሉት ሰው ዓይኗን አሽሽታ። የኔታ “እስቲ አምጪው” ብለው ተቀበሏት። የሲዲውን ለስላሳ ፊት በአውራ ጣታቸው ዙሪያውን ቀስ ብለው ዳሰሱት፤ ጨርሰውም እንደገና ጀመሩ። አንድም ጭረት አልነበረውም። ከዚያ ፊታቸውን መለሱ፤ ወደ ጠጋኟ ሳይሆን ሚስታቸው ትንፋሻቸውን ውጠው ወደቆሙበት።

“እኔ እኮ በየማለዳው የማስነሳው አንቺ እንድትጽናኚ ብዬ ነበር” አሉ።