ስኳር የሚወስዱት ድንጋዮች

ድንጋይ ስኳር ሲወስድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ዘይነት አይታለች። በቀበሌው ሱቅ በር ላይ ሰው ሁሉ ከጣና ዳር ባመጣው ጥቁር ድንጋይ ወረፋ ይይዝ ነበር። የፊተኞቹ አምስት ድንጋዮች ግን ባለቤታቸው መጥቶ አያውቅም፤ ሻጩ ለእነሱም እየመዘነ ያስቀምጥና ስኳሩ እሷ ጋ ሳይደርስ ያልቃል። ትናንት ልጇን ተቅማጥ ያዘው፤ ነርሷም ስኳርና ጨው በጥብጣ እንድታጠጣው ነገረቻት። ዛሬ ጎንበስ ብላ የመጀመሪያውን ድንጋይ ገለበጠችው።

«የሰው ወረፋ አትንኪ!» ጮኸ ሻጩ።

«የየትኛው ሰው?»

«ተይው እታለም፣ የፓርቲ አባል ይሆናል» አሉ ከኋላዋ የተሰለፉ ሽማግሌ፤ ሰልፈኛው ሳቀ።

የድንጋዩ ሆድ ኖራ ተቀብቷል። ሁለተኛውን ገለበጠች፤ ሦስተኛውንም። ሁሉም ነጭ ነበሩ። ቀና ስትል ከመንገዱ ማዶ፣ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ደጃፍ፣ የአበባ መደቡን ዙሪያ የከበቡትን ነጫጭ ድንጋዮች አየች። መሐላቸው አምስት ጎድሏል።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጩኸቱን ሰምተው ከጽሕፈት ቤቱ ብቅ አሉ። ዘይነት አንዱን ድንጋይ አቅፋ መንገዱን ተሻገረችና ፊታቸው ቆመች።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ይኸ ድንጋይ ከእርስዎ ግቢ ወጥቶ ስንት ኪሎ ወሰደ? ቢሮ ግቢ አይበሉኝ፤ እዚሁ፣ ሰልፈኛው እየሰማ ይመልሱልኝ!»