የኡዪ ሳቅ

"ውረድ! አንተ፣ ላፕቶፕ የያዝከው!"

ፖሊሱ የሚኒባሱን ጎን በሰደፍ ይደበድባል። እዚህ ናይጄሪያ ጸጉርህን ተጎንጉነህ ላፕቶፕ ካነገትክ ሌባ ነህ፤ ምስክር አያስፈልግም። እወርዳለሁ። ማማ ኡዪም ተከትለውኝ ይወርዳሉ። ኡዪ ልጃቸው ነው፤ ከስምንት ወር በፊት እንዲህ ያለ ኬላ ላይ በፖሊስ ጥይት ተገደለ። ዛሬ ቤኒን ሲቲ፣ ዳኞች ፊት ቪዲዮውን ልናሳይ ነው የምንሄደው።

"ስልክህን ክፈት።"

"ኦጋ፣ አለቃዬ፣ ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ። የራሴ ድርጅት አለኝ፤ ይኸው መታወቂያዬ።"

"የኢንተርኔት አጭበርባሪ ሁሉ ድርጅት አለው! ክፈት!"

እከፍታለሁ። ጣቱ አረንጓዴዋ ምልክት ላይ ይቆማል። የፈሩት ይደርሳል። ሰዎች ፖሊስ ያደረሰባቸውን በምስጢር የሚመዘግቡባት የእኔ መተግበሪያ ናት። ሁለት መቶ አስራ አንድ ሰው ከነስሙ፣ ከነሰፈሩ እዚያ ውስጥ አለ። የኡዪም ቪዲዮ እዚያው ነው። ሌላ ቅጂ የለውም፤ የቢሮአችንን ኮምፒውተሮች ባለፈው ሳምንት ፖሊሶች ጭነው ወስደዋቸዋል።

"ይቺንም ክፈት።"

የይለፍ ቁጥሩ አምስት ጊዜ ከተሳሳተ ሁሉም ይጠፋል። እኔው ነኝ እንደዚያ አድርጌ የሠራኋት። "አትፍሩ፣ ስማችሁን ማንም አያገኘውም" እያልኩ ስንቱ ፊት ጉራዬን ነፍቻለሁ።

አንዴ አሳስታለሁ። ደግሜ አሳስታለሁ።

"ቁጥሩ ተምታታብኝ፣ ኦጋ።"

ማማ ኡዪ ቀዩ አፈር ላይ ይንበረከካሉ። "የኔ ጌታ፣ በእናትህ! አንዱን ቀብሬያለሁ፣ ይሄን እንኳ ተውልኝ!"

"ተነሺ እንጂ፣ ማማ! ማን ነካው?"

ቪዲዮውን አይተውት አያውቁም። መጀመሪያ ላይ ኡዪ ይስቃል ብዬ ነግሬያቸዋለሁ። "ሳቁን ብቻ አያለሁ፤ ከዚያ ዓይኔን እጨፍናለሁ" ብለውኛል።

ሦስት። አራት።

"አሁን ካልከፈትካት ጣቢያ ትከፍታታለህ።"

ጣቢያ ከገባሁ በእርግጥ እከፍታታለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ፣ ጀግና አይደለሁም። እግዜር ይቅር ይበለኝ እያልኩ አምስተኛውን አስገባለሁ።

ስክሪኑ ነጭ ይሆናል። ከዚያ "አዲስ ተጠቃሚ ነዎት?" ብሎ ይጠይቃል።

ፖሊሱ በጣቱ ወደ ላይ ወደ ታች ያደርጋታል። "ባዶ ናት እንዴ? በባዶ ነው ያደረቅከኝ? ጥፋ ከፊቴ!"

ሚኒባሱ ይነሳል። ተሳፋሪው ሁሉ ተመስገን ይላል። ማማ ኡዪ ከጉልበታቸው ላይ አፈሩን እያራገፉ ይስቃሉ።

"አየህ፣ ኤፎሳ? እኔ ለምኜው እምቢ የሚል ፖሊስ ገና አልተወለደም!"

ልነግራቸው አፌን እከፍታለሁ። እሳቸው ይቀድሙኛል።

"ሻሼ ተበላሽቷል መሰለኝ" ይላሉ አንገታቸውን ወደ እኔ ዘንበል አድርገው። "እስቲ አስተካክልልኝ። ልጄን እንዲህ ሆኜ አላየውም።"

ፈትቼ እንደገና አስርላቸዋለሁ።