የጋሽ አንጁሎ ክንድ

የኦንላይን ገበያው የሻጮች ኃላፊ ሸማኔውን ጋሽ አንጁሎን ቢሮ አስጠርታ በባልደረቦቿ ፊት አፋጠጠቻቸው።

«ሦስት ደንበኞች ጋቢዎን መለሱብን! ግማሹን ቆርጠው ነው እንዴ የሚልኩት? ሱቅዎን ከገጻችን ላይ እዘጋዋለሁ!»

ሽማግሌው የተመለሰውን ጋቢ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው፣ ከክርናቸው እስከ ጣታቸው ጫፍ እየለኩ ጮክ ብለው ቆጠሩ።

«ይኸው አምስት ክንድ፤ ያኔ በስልክ እንደነገርኩሽ።»

ያኔ ሱቁ ሲከፈት፣ እሳቸው ፊደል ስላልቆጠሩ፣ የመመዝገቢያ ቅጹን የሞላችላቸው እሷው ነበረች። ገጹን ከፈተችው። «ርዝመት፦ አምስት ሜትር» ይላል። ፊቷ ጋለ።

ሽማግሌው የተቆጣች መስሏቸው አንገታቸውን ደፉ።

«ይቅር በይኝ ልጄ፤ ሳረጅ ክንዴ አጥሮ ይሆናል።»

ማንበብ እንደማይችሉ እያወቀች፣ ስክሪኑን ወደ ራሷ አዞረችው።