ቤቱ ከነባለቤቷ

ገመዱን ተሻግሬ ልገባ ስል ጥበቃው ክንዴን ቀብ አደረገኝ።

«እህቴ፣ ከገመዱ ወዲህ ሆኖ ነው የሚታየው።»

«እናቴ ናት እኮ!» አልኩት።

«ይገባኛል። ግን ከገመዱ ወዲህ ነው።»

ምኑ ነው የሚገባው? ከገመዱ ማዶ፣ አባቴ በገዛ እጁ ግንድ ጠርቦ በሠራው ቤት ውስጥ፣ እናቴ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ የዓሣ መረብ ትጠግናለች። ከገመዱ ወዲህ እኔና አንድ አውቶቡስ ሙሉ ጎብኚ እንጋፋለን። የወለደችኝን ሴት ለማየት እንደ ማንም ተሰልፌ ትኬት ቆርጬ ነው የገባሁት። ደሜ ፈልቷል።

ቤቱ ድሮ እዚህ አልነበረም። ሰሜን ጫካ ውስጥ፣ ሐይቁ ዳር ነበር። ብርዱ ሲጠና መንገዱ በበረዶ ይዘጋል፤ ድብ ደጃፍ ድረስ ይመጣል። ታላቅ ወንድሜ «ብቻዋን እዚያ አትከርምም» ብሎ ከከተማው ሙዚየም ጋር ተስማማ። እኔን ማን ጠየቀኝ? ግንዱን አንድ በአንድ ፈትተው፣ ጭነው፣ ዋናው ከተማ አምጥተው ገጣጠሙት። እሷም «ቤቴ የሄደበት እሄዳለሁ» ብላ ተከተለችው። ወንድሜ ለእኔ «ቤቱን እንድትጠብቅ ቀጥረዋታል» ነበር ያለኝ፤ እኔም ሞኟ አመንኩት። ዛሬ ልጠይቃት ስመጣ አውቶቡስ ተራው ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ አየሁ፦ «ሰሜንን በአንድ ቀን! ፏፏቴው፣ የድቦቹ ሸለቆ፣ የጫካው ቤት ከነባለቤቷ።»

ከነባለቤቷ! ዕቃ ናት እንዴ?

ቤቱንም ቢሆን እንዳለ አልተዉትም። በሩ ከምድጃው ጎን ነበር፤ አባቴ የሰሜኑን ነፋስ ሸሽቶ ነው እዚያ ያደረገው። እነዚህ በሩን በግንድ ደፍነው፣ ጎብኚው ውስጡን እንደ ልቡ እንዲያይ የፊቱን ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር ከፍተውታል። ገመዱ የተወጠረው እዚያ ላይ ነው።

አስጎብኚዋ ድምፅ ማጉያዋን አፏ ላይ አደረገች። ወጣት ናት፤ ፈገግታዋ አይጠፋም።

«ክቡራን እንግዶች፣ ጠዋት ፏፏቴውን አይተናል፤ ድቦቹንም አይተናል። አሁን ደግሞ እውነተኛዋ የሰሜን እናት! ፎቶ ማንሳት ይቻላል፤ መንካት ግን አይቻልም።»

አንዱ ከት ብሎ ሳቀ።

«እማ!» ብዬ ጮህኩ።

እጇ መረቡ ላይ ቆመ። ቀና ብላ ወደ ድምፄ ዞረች፤ ዓይኗ ግን እኔን አልፎ ካሜራ የያዘ አንድ ወፍራም ሰውዬ ላይ አረፈ። ለእሱ ፈገግ አለችለት። ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት።

«መነጽሯስ? መነጽሯን ማን ወሰደው?»

«ኧረ ማንም አልወሰደባትም» አለች አስጎብኚዋ፣ ድምፅ ማጉያውን ዝቅ አድርጋ። «በሥራ ሰዓት ታወልቀዋለች። ፎቶ ላይ አያምርም፤ የጫካ ሰው አትመስልም። እንግዶቹ ቅር ይላቸዋል።»

«ቅር ይላቸዋል? እንኳን ቅር አላቸው! ያለ መነጽር የገዛ እጇን አታይም! መረቡን በምኗ ነው የምትጠግነው?»

«መረቡ... ለማሳያ ነው» አለች ቀስ ብላ።

«አንቺ ልጅ!» አለች እናቴ ከውስጥ። በጩኸቴ ለየችኝ፤ በምን ትስተኛለች። «ሰው ፊት አትጩኺ። መቼ መጣሽ? በልተሻል?»

«እማ፣ በቃ ተነሺ። እኔ ጋ እንሄዳለን።»

«ቤቴን ለማን ትቼ?»

«ይሄ ቤት ነው? በገመድ አጥረውሽ፣ ሕዝብ እያፈጠጠብሽ!»

«ገመዱ ለእነሱ ነው። እኔ ምን ሆንኩ? አባትሽ የጠረበው ግንድ ይኸው ነው። አንቺ በቢላ የቦረቦርሽው ጠረጴዛም ይኸውና። ወንድምሽንም እንዳትናገሪው፤ ለኔው ብሎ ነው።»

ለኔው ብሎ! እሱን እንኳ ሳገኘው እነግረዋለሁ። ከኋላዬ አንዲት ሴት ለባሏ «ይቺም የትርኢቱ አካል ናት?» ስትለው ሰማሁ። ባልየው ስልኩን ወደ እኔ አዞረ። ልነጥቀው ስንጠራራ ጥበቃው ክንዴን ጠበቅ አደረገው።

«እህቴ፣ በናትሽ እንጀራዬን አታሳጪኝ» አለኝ በጆሮዬ።

«የኔ ልጅ፣ ቆይ መጣሁ» አለች እናቴ። «ሳልስምሽ አትሂጂ። ደግሞ ከስተሽ እንዳይሆን፤ ልይሽ።»

መረቡን ጭኗ ላይ ሰብስባ መሬት ላይ አኖረችው። ጉልበቷን ይዛ ተነሣች። ፊቷ በርቷል። ገመዱ ከፊት ለፊቷ ነው፤ እኔም ገመዱ ጋ ነኝ። አምስት እርምጃ ብትራመድ እቅፌ ውስጥ ናት።

እሷ ግን ዞረች። በደስታ ይሁን በልማድ እንጃ፣ ጀርባዋን ሰጥታን በጥድፊያ ወደ ምድጃው ሄደች። ምድጃውን በእጇ ዳበሰችና አለፈችው። ከጎኑ፣ በሩ ከነበረበት ቦታ ስትደርስ ቀሚሷን አስተካከለች፤ እንግዳ ልትቀበል ስትወጣ ሁልጊዜ እንደምታደርገው። ከዚያ መወርወሪያውን ልትስብ እጇን ሰደደች።

እጇ ግንዱ ላይ ወደ ላይ ሄደ፣ ወደ ታች ሄደ። በሌላኛው እጇም ሞከረች። በትከሻዋ ገፋ አደረገችው።

ካሜራዎቹ ቀጭ ቀጭ ይላሉ። ክንዴ ላይ የነበረው የጥበቃው እጅ ሲላላ ተሰማኝ።

«የኔ ልጅ» አለች እናቴ ግድግዳውን፣ «በሩ እምቢ አለኝ። እስቲ ከውጭ ክፈችልኝ።»