ከጓሮ የመጣ አፈር

አባዬ ጫማቸውን አውልቀው ለኪዳኑ ይሰጡታል፤ ከዚያ በጉሙ ውስጥ ቁልቁል ወደ ዘንገና ሐይቅ መራመድ ይጀምራሉ። ዓይናቸው ማየት ካቆመ ስድስት ዓመቱ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ከኋላቸው ቆሞ እግራቸውን ያያል።

ኪዳኑ የዳርቻው ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው። ውሃው በሸሸ ቁጥር ሰው እየተከተለ ሲያርስ ከብት የሚወርድበት አጣ፤ እናም ከጥንቱ የሐይቅ ጠርዝ በታች ማንም እንዳያርስ ተስማማን። ጠርዙ የት ነበር ሲባል ግን ሁሉም ለራሱ እንደሚመቸው አስታወሰ። በመጨረሻ አባዬ ይርገጡት፣ የሐይቅ አፈር እግራቸው ያውቀዋል፣ የቆሙበት ላይ ችካል ይተከል ተባለ። እኔም እጄን አውጥቼ ደግፌአለሁ።

የእኔ ነጭ ሽንኩርት ከጠርዙ በታች ነው። አሥራ ሁለት መደብ። ልጄ ቤዛዊት እንጅባራ ቤት ተከራይታ የምትማረው በእሱ ነው። አባዬ የላይኛው ማሳ ላይ የተተከለ ይመስላቸዋል፤ እንዲያ ያልኳቸው እኔ ነኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ከጓሯችን ቀይ አፈር በእንቅብ እያመላለስኩ የመደቦቹን መሄጃ አለበስኩት፤ የአባዬ እግር ጥቁሩን የሐይቅ አፈር እንዳያገኘው። ጎረቤት አላየም አይባልም፤ የየራሱ ድንች ከጠርዙ በታች ስላለ ዝም አለ።

አባዬ ጠርዙን ያልፋሉ። አይቆሙም። ጉሙ እስከ ጉልበታቸው ስለሆነ ውሃ ላይ የሚሄዱ ይመስላሉ። ደስ ይለኛል፤ ኪዳኑን ግን ቀና ብዬ አላየውም።

የመጨረሻው መደብ ጋ ሲደርሱ ይቆማሉ። ጣቶቻቸውን ይዘረጋሉ፣ ይሰበስባሉ። ጎንበስ ብለው ከአፈሩ ቆንጠር አድርገው ያሻሉ፣ ያሸቱታል። እጃቸውን ሲዘረጉ እጠጋለሁ።

«ምህረቴ» ይሉኛል በጆሮዬ። «አመድ አለበት። የጓሯችን ነው።»

አፈር በበላሁ።

ኪዳኑ ከላይ ሆኖ እዚያው እንትከለው ወይ ብሎ ይጠይቃል። አባዬ ወደ እኔ ይዞራሉ።

«እኔ አላይም፣ ልጄ። ሐይቁ የት ነበር?»

ቁጣ ቢኖርበት ይቀለኝ ነበር። መንገድ እንደጠፋው ሰው ነው የጠየቁኝ። እጃቸውን ይዤ ሽቅብ እንመለሳለን። ቤዛዊትን በልቤ ይቅርታ እየጠየቅሁ መደቦቹን አንድ በአንድ አልፋለሁ፤ አሥራ ሁለት መደብ እንዲህ ረጅም መሆኑን አላውቅም ነበር።

ጠርዙ ጋ ስንደርስ እንበረከካለሁ። ያለበስኩትን ቀይ አፈር በመዳፌ እጠርጋለሁ። ጥቁሩ ይወጣል፣ እርጥቡ። አባዬ እግራቸውን ያሳርፉበትና ይተነፍሳሉ።

ችካሉን እኔ እይዛለሁ፣ ኪዳኑ ይመታል። ምቱ እስከ ክንዴ ይሰማኛል። ከታች ጉሙ ወደ ላይ እየመጣ ነው፤ የመጨረሻውን መደብ ሸፈነው፣ ቀጥሎ ያለውንም።